ብሩ አለ ወይስ የለም? ከጎሬው ባንክ እስከ ዳሪሙ የቁጠባ ደብተር

የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ስለ ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በዝግጅት ኮሚቴው ስጠየቅ፣ በመጀመሪያ ያሰብኩት እንደተለመደው የአባላትን ብዛትና የካፒታልን ዕድገት በሠንጠረዥ አስደግፌ ማቅረብ ነበር። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም. በዳሪሙ ወረዳ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ተገኝቼ የሰማሁት ጥያቄ ሐሳቤን አስለወጠኝ። የዓመቱ ሪፖርት ተነቦ፣ ተጨብጭቦ፣ ጉባዔው ሊዘጋ ሲል አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተነሡ።

«ልጆቼ፣ ሪፖርቱ ደስ ይላል። እኔ ግን ቁጥሩን አላውቀውም፤ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሬዲዮው ባንክ ብር አጠረው ይላል። እናንተ ደግሞ ብራችን ባንክ ነው ትላላችሁ። ታዲያ ብሩ አለ ወይስ የለም?»

ሊቀ መንበሩ «አይዞዎት አዴ፣ ምንም አይሆንም» ብለው መለሱ። አዳራሹ ዝም አለ። እኚህ እናት ተቀመጡ፤ መልስ እንዳላገኙ ግን ፊታቸው ይናገር ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም መልስ አልሰማሁም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚያ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ ትናንት የተጀመረ አይደለም፤ በእኛ አካባቢ ቢያንስ የዘጠና ዓመት ዕድሜ አለው።

የጎሬው ባንክ

የኢሉባቦር ሰው ከባንክ ጋር የተዋወቀው ከብዙው የአገራችን ክፍል ቀድሞ ነው። በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ አማካይነት የተቋቋመ የባለአክሲዮኖች ድርጅት ነበር። (ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው ባንክ በ1988 ዓ.ም. የተመሠረተ ሌላ ድርጅት መሆኑን ልብ ይሏል።) ባንኩ ከዋና ከተማው ውጪ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች መካከል ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ደሴ፣ ደምቢዶሎና የእኛዋ ጎሬ ይገኙበታል፤ በጋምቤላም ወኪል ነበረው።

ጎሬ ድረስ ያመጣው ቡና ነው። በዚያን ጊዜ የምዕራቡ ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ጋምቤላ ይወርድና፣ የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ቡና የሚለቀመው በበጋ፣ መርከቡ የሚመጣው በክረምት። ነጋዴው በመካከሉ ያሉትን ወራት ለለቃሚውና ለጫኚው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ባንክ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የዛሬው ማኅበራችንም በኅዳር ገንዘብ ሞልቶት በሐምሌ የሚደርቅበት ምክንያት ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም።

በ1923 ዓ.ም. መንግሥት ባንኩን በእጁ አድርጎ በምትኩ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። አዲሱ ባንክ ያሳተመው የወረቀት ገንዘብ ግን በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር ሊወዳደር አልቻለም። ባላገሩ ብሩን ያንኳኳል፣ ድምፁን ይሰማል፣ በጥርሱም ይፈትናል፤ ወረቀት ግን አይንኳኳም። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት አድርገው የጻፉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ቀጥሎ የሆነው ነገር ባላገሩን ትክክለኛ አድርጎታልና።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ጎሬ የአገሪቱ ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅና ልዑል ራስ እምሩ በዚህ ከተማ ሆነው የነፃነቱን ስም ይዘው ቆዩ፤ እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ አልተያዘችም ነበር። ባንኩ ግን ከከተማይቱ ቀድሞ ወደቀ። ጣሊያን በሰኔ 1928 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ የኢትዮጵያን ባንክ አፈረሰ። ባንኩ በእንግሊዝ አገር የነበረበትን የገንዘብ ክርክር በለንደን ፍርድ ቤት አቅርቦ ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. ዳኛው የወራሪው ድንጋጌ በሥራ ላይ የዋለ በመሆኑ ባንኩ ፈርሷል የሚል ውሳኔ ሰጡ። እዚህ ጎሬ ላይ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ እየተውለበለበ ሳለ ባንኩ በወረቀት ላይ ሞቶ ነበር ማለት ነው።

የማርያ ቴሬዛ ብር ግን አልሞተም። ሕዝቡ ሊሬ አልቀበልም ስላለ ጣሊያን የብሩን መቅረጫ ከቪየና ወስዶ ሮም ውስጥ ራሱ ለማሠራት ተገደደ። ከዚያ ዘመን በኋላ ብርን በማሰሮ አድርጎ መሬት ውስጥ መቅበር የስስት ሳይሆን የጥንቃቄ ሥራ ሆኖ መቆየቱ ሊያስገርመን አይገባም።

ባንኩ ተረፈ፣ ሱቁ ተዘረፈ

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተለያዩ። በዚሁ ዘመን፣ በ1957 ዓ.ም. ገደማ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በአገራችን የመጀመሪያው የሚባለውን የቁጠባና ብድር ማኅበር መሠረቱ። ሠራተኛው ከደመወዙ በየወሩ እያስቆረጠ ያስቀምጣል፣ ሲቸግረው ይበደራል። ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ሙሉ ሕጋዊ መሠረት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 241 የወጣው በ1958 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ማኅበሩ ከሕጉ ቀድሞ ተወለደ ማለት ይቻላል። ዕቁቡና ዕድሩ ደግሞ ከሁሉም በፊት ነበሩ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና የመድን ድርጅቶችን ወረሰ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ልዩነት እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። በዚያ ቀን የባለአክሲዮኑ ይዞታ ወደ መንግሥት ዞረ፤ የአስቀማጩ ሂሳብ ግን ከባንኩ ጋር አብሮ ተላለፈ። አዲስ አበባ ባንክ፣ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊ ተዋሕደው አዲስ ባንክ ሆኑ፤ በኋላም ወደ ንግድ ባንክ ተጠቃለሉ። ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ደብተሩን ይዞ ሄዶ ገንዘቡን ሊያወጣ ይችል ነበር። ባለቤት መሆንና አስቀማጭ መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመታው ባለቤቱ ነው። በቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ግን ባለቤቱም አስቀማጩም አንድ ሰው ነው። ያቺ እናት ዕጣም አላቸው፣ ቁጠባም አላቸው።

ይህን የገጠሩ ሰው የተማረው በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. ነው፤ ትምህርቱም መራራ ነበር። በየገበሬ ማኅበራቱ ላይ የቆሙት የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጨው፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጡበት ሱቅ፣ የእህል ወፍጮና መጋዘን ነበራቸው፤ ቡናም ይሰበስቡ ነበር። አባሉ ዕጣ ገዝቷል፤ ብዙ ጊዜም በውድ ሳይሆን በግድ። በ1981 ዓ.ም. የዓለም የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ የቡና ዋጋ ወደቀ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተበተኑ፤ በሬውንም ሞፈሩንም ተከፋፈሉት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ በብዙ ቦታ የአገልግሎት ማኅበራቱ ሱቅና መጋዘን ተዘረፈ። ዘራፊው ከሩቅ የመጣ አልነበረም። የማኅበሩ ባለዕጣ የራሱን ማኅበር በር ገንጥሎ ቆርቆሮውን ተሸክሞ ሄደ።

ለምን? ብዙ ሰው «ሥርዓት ስለጠፋ» ይላል። ይህ እውነት ቢሆንም በቂ አይደለም። ንብረቱ የእኔ ነው ብሎ የሚያምን ሰው አይዘርፈውም። አባሉ ሂሳቡን አይቶ አያውቅም፤ ኦዲት ሲነበብ ሰምቶ አያውቅም፤ ዕጣው ስንት እንደደረሰ የነገረው የለም። የማያውቀው ሀብት የእሱ መስሎ አልታየውም። በተቃራኒው እንደ አየር መንገዱ ያሉ የሠራተኞች ቁጠባ ማኅበራት ያንን ዘመን ተሻግረው ቀጠሉ፤ ሠራተኛው የራሱን ቁጥር በየወሩ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ያየው ነበርና።

በ1990ዎቹ የኅብረት ሥራ ባለሙያዎች «እንደገና እንደራጅ» ብለው ወደ ገጠሩ ሲመጡ ሽማግሌዎቹ «ያኛውስ ዕጣችን?» ብለው መጠየቃቸው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 መልስ ለመስጠት ሞክሯል። አባልነት በፈቃደኝነት፣ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ፣ ማንም አባል ከጠቅላላው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ እንዳይዝ፣ ከተጣራው ትርፍም 30 በመቶው ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ደነገገ። ይህ አዋጅ በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። በ1991 ዓ.ም. የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተቋቋመ፤ ወዲያው በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ በብዙ ዓሥርት ዓመታት ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅተኛ ደረጃ ወረደ። የገበሬው ማኅበራት የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ማግኘት ጭንቅ መሆኑ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ለጀመረው ለኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ መፈጠር አንዱ ምክንያት ነበር። በዚያው ዓሥር ዓመት ውስጥ የገጠር ፋይናንስ ፕሮግራም በዓለም አቀፍ የግብርና ልማት ፈንድና በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ተጀምሮ የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት በየቀበሌው በረከቱ።

ሌሎች እንዴት ተሻገሩት

በጀርመን አገር ፍሪድሪሽ ራይፋይዘን የሚባል የገጠር ከንቲባ፣ ገበሬውን ከአራጣ አበዳሪ ለማላቀቅ በ1864 (እ.ኤ.አ.) በሄደስዶርፍ የብድር ማኅበር አቋቋመ። የራይፋይዘን ማኅበር ካዝናው ትንሽ ነበር፤ ዋስትናው ሌላ ነው። አባላቱ የአንድ አጥቢያ ሰዎች ስለሆኑ ማን ይከፍላል፣ ማን አይከፍልም የሚለውን ያውቁታል። ለማኅበሩ ዕዳ ሁሉም በንብረታቸው ኃላፊ ናቸው። የማይከፋፈል መጠባበቂያም በየዓመቱ ያድጋል። ከእኛ ዕድር ጋር ያለውን ዝምድና አንባቢ ራሱ ያየዋል።

በአሜሪካ ከ1930 እስከ 1933 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ወደ 9,000 የሚጠጉ ባንኮች ወደቁ። መጋቢት 1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአገሪቱን ባንኮች ሁሉ ለቀናት ዘጉ። ከመከፈታቸው በፊት በነበረው የእሑድ ምሽት በሬዲዮ ቀርበው ያደረጉት ንግግር ለእኛ ርዕስ ዋና ምሳሌ ነው። «አትፍሩ» ብቻ ብለው አላለፉም። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ ካዝና ውስጥ እንደማያስቀምጥ፣ ለብድርና ለሌላ ሥራ እንደሚያውለው፣ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ቢጠይቅ ጤነኛ ባንክ እንኳ ሊከፍል እንደማይችል፣ ስለዚህም ተመርምረው ጤናማ የሆኑት ብቻ እንደሚከፈቱ ለተራው ሰው በሚገባ ቋንቋ አስረዱ። በማግስቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ ሰው ገንዘቡን ሊያስገባ ተሰለፈ። በተከታዩ ዓመት የፌዴራል የቁጠባና ብድር ማኅበራት ሕግ ወጣ። የሚያስገርመው የአሜሪካ ማኅበራት የመንግሥት የቁጠባ መድን ያገኙት በ1970 (እ.ኤ.አ.) ነው። ለሠላሳ ስድስት ዓመታት ያለዚያ መድን ሠርተዋል።

ይህን ስል ማኅበር አይወድቅም ማለቴ አይደለም። በመጋቢት 2009 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ማኅበራት የጋራ ገንዘባቸውን ካስቀመጡባቸው ማዕከላዊ ተቋማት ሁለቱ ትልልቆቹ በቤት ብድር ሰነዶች ኪሳራ ምክንያት በመንግሥት ተቆጣጣሪ እጅ ገቡ። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ የቁጠባ ማኅበራት የጋራ ኅብረት በሆነው ኩስኮ ላይ የተደረገ የኦዲት ምርመራ ከ13 ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ጉድለት አሳይቷል፤ ታች ያሉት ማኅበራት ያስቀመጡት ገንዘብ ላይ ችግሩ ዐረፈ። ዩኒየናችን በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ ይህን መጻፌ ቅር የሚያሰኛቸው ሊኖሩ ይችላሉ። ነገር ግን መሠረታዊ ማኅበራት «ትርፍ ገንዘባችንን ዩኒየን ጋ እናስቀምጥ» ሲሉ፣ ዩኒየኑም ከእነርሱ የሚጠየቀውን ያህል መጽሐፉን ገልጦ ማሳየት አለበት።

የቅርቡ ጊዜ

በጥር 2011 ዓ.ም. በብርብር ማዶ፣ በምዕራብና በቄለም ወለጋ፣ በሁለት ቀናት ውስጥ ከዓሥር በላይ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘረፉ። የአስቀማጩ ሂሳብ በባንኩ መዝገብ ላይ ስላለ የተዘረፈው የባንኩ ገንዘብ ነው። ቢሆንም ቅርንጫፉ ተዘግቶ ሲሰነብት ማኅበሩ ገንዘቡን ማውጣት አይችልም። ገንዘቡ «አለ»፤ ግን በእጅ የለም። «አለ» እና «በእጅ አለ» የሚሉት ሁለት ቃላት እንደሚለያዩ ብዙ ኮሚቴ የገባው ያኔ ነው።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩና አዲስ የ200 ብር ኖት እንደሚወጣ ተነገረ፤ ለቅያሬው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ያህል ነበር። በማሰሮ፣ በፍራሽ ውስጥና በእህል ጆንያ ሥር የነበረው ሁሉ ወጣ። ለማኅበራት ይህ ዕድልም ፈተናም ነበር። ዕድሉ አዲስ ቁጠባ መምጣቱ ነው። ፈተናው ደግሞ ያ ገንዘብ ለማደር እንጂ ለመኖር አለመምጣቱ ነው። በጥቅምት የገባውን ቁጠባ አይቶ በኅዳር ለአንድና ለሁለት ዓመት ያበደረ ማኅበር፣ በጥር ባለቤቱ ሲመጣ ምን ይላል?

ከዚያ በኋላ ያለው ቅርብ ስለሆነ ባጭሩ ላንሣው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር የባንኮችን የብድር ዕድገት በዓመት በ14 በመቶ ገደበ። በዚያና በተከታዩ ዓመት በርካታ የግል ባንኮች የጥሬ ገንዘብ እጥረት እንደገጠማቸው በሰፊው ተወራ፣ ተጻፈም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት በንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰ ብልሽት ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሆነ ገልጾ አብዛኛውን አስመለሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የእኚያ እናት ጥያቄ የተነሣው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም።

በባንክ ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር አለው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ፣ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ ተቋም ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የቁጠባና ብድር ማኅበር አባል በማኅበሩ ያስቀመጠው ቁጠባ ግን በዚህ ሽፋን ውስጥ የለም። ማኅበሩ ራሱ ባንክ ውስጥ ያስቀመጠው ደግሞ እንደ አንድ አስቀማጭ ይቆጠራል፤ ሦስት መቶ አባላት ቢኖሩትም አንድ ደንበኛ ነው። ይህን ለአባል መናገር ያስፈራል የሚሉ የኮሚቴ አባላት አጋጥመውኛል። በእኔ አስተያየት የሚያስፈራው ሳይናገሩ ቆይቶ በክፉ ቀን መነገሩ ነው።

ምን እናሳይ?

በየማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ጽሑፍ አይቻለሁ። መልካም ነው፤ ከአጠገቡ ግን የሂሳብ ሚዛን የተለጠፈበት ማኅበር ያየሁት ጥቂት ነው። ለምሳሌ ያህል በልቤ የፈጠርኩትን አንድ ማኅበር እናስብ። የአባላት ቁጠባ 1,200,000 ብር፣ ዕጣ 250,000 ብር፣ መጠባበቂያ 150,000 ብር፤ በድምሩ 1,600,000 ብር። ይህ ገንዘብ የት ነው? በአባላት እጅ በብድር 1,200,000፣ በባንክ 380,000፣ በካዝና 20,000 ብር። እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ያወቀ አባል ብዙ ነገር ያውቃል።

ከተበደሩት ውስጥ 120,000 ብር፣ ማለት ከዓሥር አንዱ፣ ጨርሶ ባይመለስ ኪሳራው ከመጠባበቂያው ይነሣል፤ 30,000 ብር ይተርፋል፣ የማንም ቁጠባ አይነካም። ኪሳራው 400,000 ብር ቢደርስ መጠባበቂያውም ዕጣውም ያልቃሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ቁጠባው ይገባል። ይህን በቁጥር ያየ አባል መጠባበቂያው ለምን እንደማይከፋፈል ሁለተኛ አይጠይቅም። የትርፍ ክፍፍል ይብዛልን ብሎ የሚጮኸውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አሁን ደግሞ ወሬ ተነሥቶ ከቁጠባው አንድ ሦስተኛው በአንድ ሳምንት ይውጣልን ቢባል 400,000 ብር ነው፤ በባንክና በካዝና ያለው ልክ ያንኑ ያህል ስለሆነ ማኅበሩ ይከፍላል። ባንኩ ግን በዚያ ሳምንት ጥሬ ገንዘብ አጥሮት ግማሹን ብቻ ቢሰጥ፣ ማኅበሩ በእጁ የሚያገኘው 210,000 ብር ብቻ ነው። ማኅበሩ አልከሰረም፤ መክፈል ግን አቃተው። የብዙ ተቋማት ታሪክ ያበቃው በእንዲህ ዓይነት ሳምንት ነው። በመጋቢት 2023 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ሲሊኮን ቫሊ ባንክ አስቀማጮች በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ጠይቀው ባንኩ በማግስቱ ተዘግቷል። ስለዚህ ገንዘብን በሁለት ባንክ ማስቀመጥ ለትንሽ ማኅበርም ቅንጦት አይደለም። ከዩኒየኑ ጋርም «በችግር ጊዜ ይህን ያህል በዚህን ያህል ቀን ታበድረናለህ» የሚል የተፈረመ ውል መያዝ ያስፈልጋል፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ በወሬ ሳምንት አይገኝም።

የእኛ አካባቢ ጭንቅ ደግሞ ወቅት አለው። ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል፤ ገንዘቡም ያኔ ይገባል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ እህል ያልቃል፣ ማዳበሪያ ይፈለጋል፣ ወዲያው የልጆች ትምህርት ቤት ይመጣል። ብድር ሁሉ በአንድ ወር ተሰጥቶ በአንድ ወር እንዲመለስ የሚያደርግ ማኅበር የቡና ዋጋ በወደቀ ዓመት ባንኮች ባይነኩም ይጨነቃል። አባላቱ ሁሉ ቡና ሻጮች በሆኑበት ቀበሌ ዋሱም ተበዳሪውም በአንድ ዝናብ ይመታሉ። ራይፋይዘን ይመካበት የነበረው የአንድ አጥቢያ ትውውቅ እዚህ ላይ ድክመት አለው፤ ስለዚህ ለማርም፣ ለከብት ማድለብም፣ ለወፍጮም ማበደር ብልኅነት ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው ዐይኑን የሚጥለው በኮሚቴው ብድር ላይ ነው። የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላት ስንት ተበደሩ? በወቅቱ እየከፈሉ ነው? ይህ በጠቅላላ ጉባዔ በስም ሲነበብ መጀመሪያ ያሳፍራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይሠራል። ወሬ በተነሣ ቀን ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ በሰዓቱ መከፈት፣ ገንዘብ ያዡ በቦታው መገኘት፣ የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ሰዎች ያለ ምንም ማጉላላት መከፈል አለባቸው። ሰባተኛው ወረፋውን ትቶ ቡና ሊጠጣ ይሄዳል። «ነገ ይምጡ» የተባለ አንድ ሰው ግን ከገበያ መቶ ሰው ይዞ ይመለሳል።

«ከባንክ እኛ እንሻላለን» የሚለው መፈክር አይጠቅመንም። ገንዘባችን ባንክ ውስጥ ነው፤ ባንኩን ስናስጠላ ራሳችንን ነው የምናስጠላው። ደግሞም እውነት አይደለም። ባንክ ተቆጣጣሪና መድን አለው። እኛ ያለን ትንሽነታችን፣ ትውውቃችንና በራችን ላይ ልንለጥፈው የምንችለው ወረቀት ነው።

ወደዚያ የዳሪሙ ማኅበር በተከታዩ ዓመት ጉባዔ ተመልሼ ሄጄ ነበር። በበሩ ላይ ስድስት ቁጥሮች በትልቁ ተጽፈው ተለጥፈዋል፤ ከሥራቸው የሁለት ባንኮች ስም አለ፤ ሥዕል ያለበት ይሁን ብለው የቡና ጆንያም ሥለውበታል። እኚያ እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጁ ጣቱን እያስኬደ ያነብላቸዋል። «በካዝና ሃያ ሺህ» ሲል አቋረጡትና ወደ ገንዘብ ያዡ ዞሩ፦ «እሱን ደግሞ ቁጠርልኝ እስቲ።» ገንዘብ ያዡ ሣቀ፤ ከዚያ ከሌሎቹ ሁለት ቁልፍ ያዦች ጋር ሣጥኑን ከፍቶ ቆጠረላቸው። 19,850 ብር ነበር። 150 ብሩ ጠዋት ለወረቀትና ለማጣበቂያ የወጣ መሆኑን ደረሰኙን አውጥቶ አሳያቸው።